ሲስተር የሺመቤት አያንሾካሽኩም ነበር

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሜሮን በሬን አንኳኩታ፣ "እማማ አልማዝ፣ ቶሎ ይምጡ፣ የእርስዎ ሲስተር በቴሌቪዥን ልትታይ ነው" ስትለኝ ጉልበቴን በቅባት እያሸሁ ነበር። መሪ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር የኔ ዕድሜ ሰው ጉልበት ማሸት አንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሜሮን የድራማው አልባሳት ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ከወራት በፊት መጥታ ሲስተር የሺመቤት ምን ዓይነት ጫማ ያደርጉ እንደነበር፣ ፀጉራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚወዱ ጠይቃኝ፣ እኔም የማውቀውን ሁሉ ነግሬያት ስልኳ ላይ ቀድታው ሄዳ ነበር። እና ነጠላዬን ደርቤ፣ ደረጃ መውረድ ሳይሆን ኮሪደሩን መሻገር ብቻ ስለሆነ እግዜርን አመስግኜ፣ ሄጄ እነ ሜሮን ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ።

አንዲት ቁመቷ ሸንበቆ የመሰለ ልጅ ብቅ አለች። ቅንድቧ በጥንቃቄ የተሳለ፣ ነጭ ቀሚሷ ወገቧን ጥብቅ አድርጎ የያዛት። ፋኖስ ይዛለች። በበሽተኞቹ አልጋዎች መሀል እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ትራመድና እያንዳንዱ ግንባር ላይ እጇን ታሳርፋለች፤ ከዚያ በሹክሹክታ "አይዞህ" ትላለች። ከኋላ ዋሽንት ያላዝናል። በሩ ላይ አንድ ወጣት መኮንን ቆቡን በእጁ ይዞ በፍቅር ያያታል።

"ይቺ ማናት?" አልኩ።

"ሲስተር የሺመቤት ነቻ፣ እማማ።"

"ፋኖሱስ?"

"ሲምቦሊክ ነው" አለችኝ ሜሮን። ትንሽ አፈር ብላለች፤ ይህን አልክድባትም። "ዳይሬክተሩ ነው የፈለገው።"

እኔ የካ ሚካኤል አጠገብ በነበረችው ጤና ጣቢያ ከሲስተር የሺመቤት ጋር ጤና ረዳት ሆኜ በደርግ ጊዜ ሠርቻለሁ። ፋኖስ ይዘው አይቻቸው አላውቅም። ሲያንሾካሽኩም ሰምቼ አላውቅም። በሹክሹክታ የሚያናግር ሰው ያበሽቃቸው ነበር፤ "የሰረቅከው ነገር አለ እንዴ?" ነው የሚሉት። ግንባር ላይ እጅ ማሳረፍ የሚባለውንማ ተዉት። ትኩሳት የሚለኩት በቴርሞሜትር ነበር፤ ያቺን ቴርሞሜትር የሰበረ ደግሞ ወዮለት።

ያን ጊዜ የካ ሚካኤል አካባቢ እንዲህ አልነበረም። ከአስፋልቱ ወደ ላይ ከወጣችሁ ከቤቱ ባሕር ዛፉ ይበዛ ነበር። ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ያ ቅጠል የሚሸተውን ሽታ አሁን እዚህ መሪ ሆኜ በምን አገኘዋለሁ፤ ዛሬ የሚሸተኝ የጎረቤት ቀለምና የጄኔሬተር ጭስ ነው። ታክሲ በስሙኒ ነበር፤ ያውም ሰማያዊና ነጭ ሲቼንቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ። ጎረምሶቹ አፍሯቸውን እንደ ቆብ አሳድገው፣ ከታች መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ሾላ ገበያ ጥግ ይቆማሉ። ቀበሌ ደጃፍ ያለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ይለቃል፤ ከሥሩ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈው ሕዝብ ሳይወድ በግዱ ዘፈኑን በቃሉ አጥንቶታል። እኔ ዛሬም ዕቃ ሳጥብ ድንገት ከአፌ ይወጣል። ምነው ሌላ ነገር በረሳሁና እሱን ባልረሳሁ እላለሁ።

በዚያ ሁሉ መሀል ከእንጦጦ የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚዎች ነበሩ። ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ከነሱ ይረዝማል፤ ከሩቅ ስታዩአቸው እንጨቱ እግር አውጥቶ የሚመጣ ይመስላል። ብዙዎቹ ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከየትም የመጡ፣ ባሎቻቸው ሽመና ላይ ወይ ቀን ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ከበሽተኞቻችን ግማሹ እነሱ ነበሩ ብል አልተሳሳትኩም። ወገብ፣ ጉልበት፣ መውደቅ፣ ውርጃ። ሲስተር የሺመቤት ያቺን ጤና ጣቢያ ከገብስ ጎተራነት አውጥተው፣ ኖራ አስቀብተው፣ አልጋ ለምነው ያቆሙት ለነሱ ብለው ነው።

ሴትየዋ እንዲህ ነበሩ፤ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከግቢው አልፎ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ የሚሰማ። እግሬን ይበርደኛል ብለው የወንድ ካልሲ ያደርጋሉ፤ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ቅርንፉድ ይነክሳሉ። በአገራችን መጀመሪያ ነርስነት ከተማሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበሩ። የጨዋ ልጅ የማታውቀውን ሰው ቁስል አትነካም በሚባልበት ጊዜ ነው የተማሩት። አባታቸው "የሰው ሰገራ የምትደፋ ልጅ አልወለድኩም" ብለው ለዓመታት አላናገሯቸውም። ኋላ ሰውየው አልጋ ላይ ሲውሉ ሌላ ልጅ አልቀረበም፤ ገላቸውን ያጠቧቸው ሲስተር ናቸው። "ታዲያ አባትዎ ምን አሉ?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ውሃው ቀዝቅዟል አለ" ብለውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ። ድራማው ውስጥ አባትየው አልቅሶ ይቅርታ ይጠይቃታል። ዋሽንቱም አለ።

ግን በሲስተር ላይ ድራማ የሠራ የመጀመሪያው ሰው ይሄ የሜሮን ዳይሬክተር አይደለም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ ቀድሞታል። ለአብዮቱ በዓል የቀበሌ የኪነት ቡድኖች ሊወዳደሩ ሆነና፣ የኛ ኪነት "ነርሷ" የሚል ድራማ ሊያቀርብ ተወሰነ። ነርሷን እንድትሠራ የተመረጠችው ረሂማ ነበረች፤ አባቷ ሾላ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ድምፀ መረዋ፣ ሳቂታ ልጅ። ሙያውን ትይ ተብላ ወደ ጤና ጣቢያችን ተላከች። ሲስተር አዩአትና "እጅሽን ታጠቢ" አሏት። ከታጠበች በኋላ መወልወያ ሰጧት። አንድ ሳምንት ሙሉ ወለል ስትወለውልና ፋሻ ስትቀቅል ከረመች። ጓድ ተፈራ ለመድረክ የሲስተርን ነጭ ጋዋን አውሱን ሲል ደግሞ፣ "ቆሻሻ ልብስ ለብሼ ላዋልድ ነው ወይስ ራቁቴን?" ብለው መለሱት። ከአቡጀዲ ተሰፋ።

ውድድሩ የሚካሄድበት ዕለት ረፋዱ ላይ ነው፣ ሁለት እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። ዘነበች የምትባል ጓደኛቸው፣ ልትወልድ ወር እንኳ ያልቀራት፣ ዳገቱ ላይ ከነሸክሟ ወድቃ ደም እየፈሰሳት ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ላይ ጋቢ አሥረው ሰዎች ይዘዋት እየወረዱ ናቸው። እኔና ሲስተር ሄደን መንገዱ ዳር ተቀበልናት። ሲስተር አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ሆዷን ዳሰሱ፤ እኔም ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በእንጨቷ መስሚያ የልጁን ልብ አዳመጡ። ቦታ ቀይረው ደግመው አዳመጡ። ከዚያ መስሚያዋን ኪሳቸው ከተቱ። ያኔ ነው የገባኝ።

"ሆስፒታል ካልደረሰች እሷም ትከተላለች" አሉኝ። "ስልክ ደውይ።"

ስልክ ያለው ቀበሌ ነው። ስልኩ ደግሞ ማንም እንዳይደውል ትንሽ ቁልፍ ተበጅቶለታል፤ ቁልፉ ጓድ ተፈራ ኪስ ውስጥ ነው። ቀበሌ ደርሼ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ከወደ ላይ ከበሮ እየተመታ የቀበሌው ኤንትሬ የጭነት መኪና መጣ። ከኋላ ኪነቱ ተጭኗል፤ ቀይ ባንዲራ፣ ከበሮ፣ ክራር፣ የመድረክ መጋረጃ። ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ አቶ በድሩና ጓድ ተፈራ። ሲስተር ዘነበችን በጋዋናቸው ሸፍነዋት ስለነበር ክርኗ ላይ በተቀደደች ሹራባቸውና በወንድ ካልሲያቸው መንገዱ መሀል ገብተው ቆሙ።

አቶ በድሩ ፍሬን ያዙ። ከበሮው ቆመ።

"ጓድ ሲስተር፣ ምንድን ነው?" አለ ጓድ ተፈራ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

"ሴትዮዋን ሆስፒታል ታደርሳለህ።"

"እኛ ብሔራዊ ግዳጅ ላይ ነን። የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እየጠበቀን ነው። እናድርስና ወዲያው መኪናውን እልክልዎታለሁ።"

"እስከዚያ ትሞታለች።"

"ሲስተር፣ ይሄ የአብዮቱ በዓል እኮ ነው።"

"አብዮቱ ይጠብቃል" አሉ ሲስተር የሺመቤት፣ በዚያ በምታውቁት ድምፅ።

ያን ዘመን ያልኖረ ሰው ያቺ ቃል ምን እንደነበረች አይገባውም። ከዚያ ላነሰ ነገር ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ጎረቤት ሁላችንም ነበረን። የኪነቱ ልጆች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የተሰበሰበው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ "በቃ፣ ሄዱ" አልኩ በልቤ። አቶ በድሩ ሞተሩን አጠፉ። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ዞረው ሄዱ፣ የኋላውን መዝጊያ ከፈቱ፣ "ከበሮውን ወዲያ አድርጉት" አሉ ለልጆቹ። ረሂማ ናት ቀድማ መጋረጃውን ጎትታ ያነጠፈችው። ዘነበችን ጫንናት። ጓድ ተፈራም ወርዶ አልቀረም፤ ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠ አብሮን ሄደ። ምን ያስብ እንደነበር አላውቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው አስቆመን። ሲስተር ዘለው ወርደው "ክፈት" ቢሉት ከላይ እስከ ታች አያቸውና፣ "አንቺ የበሽተኛዋ ዘመድ ነሽ? ወደ ኋላ በይ" አላቸው። የአቡጀዲ ጋዋኗን የለበሰችውን ረሂማን ሲያይ ግን ቆቡን አነሳላት። ሲስተር የሺመቤት፣ ያን ሆስፒታል ገና ወለሉ ሲነጠፍ የሚያውቁት ሴትዮ፣ ቃል አጥተው ሲቀሩ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ረሂማ ግን አልጠፋባትም። በመድረክ ድምፅዋ "በሽተኛዋ ደም እየፈሰሳት ነው፣ በሩን ክፈት፣ ስትሬቸር አስመጣ" አለችው። ተከፈተ። ሲስተር እየሮጡ "ጎበዝ፣ ድምፅሽን ሥራ ላይ አዋልሽው" አሏት። ለማንም ከዚያ የበለጠ ሲያመሰግኑ አልሰማሁም።

ደም ያስፈልጋል ተባለ። ኪነቱ ተሰለፈ። ከበሮ መቺው መርፌውን ሲያይ ራሱን ስቶ ወደቀ። የሁለት ልጆች ደም ከዘነበች ደም ጋር ተስማማ፤ የጓድ ተፈራም ተስማማ። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰጠ። ከዚያ ላብ ላብ ብሎት ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ላይ ተንጋሎ፣ ረሂማ ጣፋጭ ሻይ በማንኪያ ስታጠጣው አይቻለሁ። ዘነበች ተረፈች። ልጇ ሲስተር ባሉበት ሞቶ ተወለደ። ያኔ እንደነበረው ልማድ እናቲቱን አያስጨንቃት ብለው ሳያሳዩአት ወሰዱት።

በቀጣዩ ስብሰባ ሲስተር ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ተነስተው፣ "ጥፋቴ መኪናው እስኪመጣ መንገድ ላይ መጠበቄ ነው፤ መኪናው ያለበት ድረስ ሄጄ ማስነሳት ነበረብኝ" ብለው ተቀመጡ። የሳቀ ሰው አልነበረም። በማስጠንቀቂያ ታለፉ፤ ምክንያቱም ጓድ ተፈራ ሌላ ሐሳብ መጥቶለታል። ውድድሩ ለሌላ ሳምንት ስለተላለፈ ድራማው እንደ አዲስ ተጻፈ። በአዲሱ ድራማ መኪናውን የሚያዘው ሊቀመንበሩ ነው። ነርሷ ሊቀመንበሩን ለመለመን ትመጣና እሱ ገና ሳትናገር "ሰፊው ሕዝብ ከበዓል ይቀድማል" ይላታል። ያ ሰው በዕድሜው አንድ እውነተኛ ደግ ነገር ሠርቶ ነበር፤ ደሙን ሰጥቶ ነበር። እሱን ግን አላስገባውም፤ ሊቀመንበር በርጩማ ላይ ተንጋሎ በማንኪያ ሻይ ሲጠጣ ለመድረክ አይሆንም።

ከዚያ የባሰው መጨረሻው ነው። በድራማው ሕፃኑ ይኖራል። ረሂማ የተጠቀለለ ጨርቅ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ ልጅ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፣ ኪነቱ ይዘፍናል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ዘነበች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት የክብር እንግዳ ናት ተብላ በጓድ ተፈራ መልእክተኛ ተጠርታ መጥታ። በድራማው ሕፃኑ እንደሚኖር ማንም አልነገራትም። ረሂማ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ጨርቁን ከፍ አድርጋ ቁልቁል ስታይ የዘነበችን ፊት አየችና ቃሏ ጠፋባት። ሕዝቡ ግን የደስታ መስሎት የበለጠ አጨበጨበ። ዘነበች ተነስታ ወጣች።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሐሙስ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ናሆም ይባላል፤ ሜሮን "እማማ ተናደዋል" ብላ ይዛው መጣች። ጨዋ ልጅ ነው፣ ዳቦም ይዞ ነው የመጣው። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ "እማማ፣ ሲሪየስሊ፣ በጣም ኢንስፓየሪንግ ነው" አለኝ። "የመጨረሻው ክፍል ላይ መኪናውን አስገብተነዋል። ሕፃኗም አለች። በሲስተር ስም ነው የምትጠራው።"

"ሕፃኑ እኮ ሞቷል፤ ደግሞ ወንድ ነበር።"

"ገብቶኛል። ግን ኦዲየንሱ ተስፋ ይፈልጋል።"

ጓድ ተፈራም ይሄንኑ ነበር ያለው። ሰፊው ሕዝብ ተስፋ ይፈልጋል። ሰፊው ሕዝብ ኦዲየንስ ሆነ እንጂ ሌላው ያው ነው።

"ዘነበችን ጠይቃችኋታል?" አልኩት።

ዞሮ ሜሮንን አያት። ዘነበች ካረፈች ቆይታለች፤ ይህን ግን አልነገርኩትም፤ ሊጠይቅ ነበር የሚገባው። ሲስተር የሺመቤትም ኪነቱ በተወዳደረበት ዓመት ለሥራ ይፈለጋሉ ተብለው በጣም ሩቅ አውራጃ ተመደቡ፤ ደርግ ወድቆ ሲመለሱ ፀጉራቸው ነጭ ነበር፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ሁሉንም ሰው እየተቆጡ አረፉ። መኮንን የሚባል ነገር በሕይወታቸው አልነበረም። ረሂማ ኪነቱን ትታ አዋላጅ ነርስ ሆነች፤ ስልክ ደውዬ ስለ ፋኖሱ ስነግራት "የምን ፋኖስ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን አላሳቀኝም። ይሄ ትውልድ አንድ ሰው ጥሩ መሆኑን ለማመን የግድ ቆንጆ፣ ለስላሳና ቀስ ብሎ የሚራመድ መሆን አለበት። የምትቆጣ፣ የምትጮህ፣ ካልሲዋ የወንድ የሆነች ሴት ለአገር የሠራችው ነገር አይታየውም።

ናሆም ሊሄድ ሲነሳ ሜሮን አልተነሳችም። "ዘነበች ከወጣች በኋላስ?" አለችኝ። ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ስለዚህ ነገርኳት፤ ናሆምም ተመልሶ ተቀመጠ።

ዘነበች ስትወጣ ሲስተር የክብር ወንበራቸውን ትተው ተከተሏት፤ እኔም ተከተልኩ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። አታለቅስም። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ወደ ፊት ጎብጣለች። ሲስተር "አይዞሽ" አላሏትም። አጠገቧ ተቀምጠው፣

"ጡትሽን ያምሻል?" አሏት።

ዘነበች ቀና ብላ አየቻቸው። "ወተቱ እየፈሰሰ ነው። ምን ላድርገው?"

ለካ ከሆስፒታል ሲያስወጧት ያንን የነገራት ሰው አልነበረም። ሲስተር በዚያ በግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው" እያሉ ነጠላቸውን አወለቁ። እኔ ከመንገዱ ወገን ከልዬ ቆምኩ፤ እሳቸው ደረቷን ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው አሰሯት። እንዳታልቢው፣ ሙቅ ነገር እንዳታደርጊበት፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይተዋል፣ ትኩሳት ከመጣብሽ ግን በዚያው ሰዓት እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ እያሉ። ዘነበች እንደታዘዘች ልጅ እጆቿን አንስታ ታሰረች። አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባው አሁንም አልቆመም።

ቋጠሮውን ሲጨርሱ ዘነበች እጃቸውን ያዘች።

"ሲስተር፣ ምን ነበር? ማንም አልነገረኝም።"

"ወንድ ነበር" አሉ። "ፀጉሩ ብዙ ነበር፣ እዚህ ድረስ። አገጩ የአንቺ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ነበሩ።" ከዚያ የልጁን ጣት ርዝመት በራሳቸው ጣት ላይ ለክተው አሳዩአት።

ዘነበች ያን ጊዜ አለቀሰች። ሲስተር እጃቸውን ሳያስለቅቁ፣ ወዴትም ሳይቸኩሉ፣ እስክትጨርስ ተቀመጡ።